የጀልባው ዘፈን

ሌስተር ፎርክሊፍቱ ላይ ትንሽ የካሴት ማጫወቻ በሽቦ አስሮ ነበር። ሲያትል አጠገብ ኦበርን ያለው መጋዘን ሰፊ፣ የማሽኑም ጫጫታ የበዛ ስለነበር ሙዚቃውን ከሱ በቀር የሚሰማው አልነበረም። መልከጸዴቅ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ግን ካርቶን እየደረደረ ሳለ ፎርክሊፍቱ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ሞተሩ ሲጠፋ ካሴቱ ብቻውን ቀረ። መጀመሪያ ባንጆ፣ ቀጥሎ ቫዮሊን፣ ከዚያ የሁለት ወንዶች ድምፅ። መልከጸዴቅ የያዘውን ካርቶን መሬት አስቀመጠው።

"ሃርላን ፎርክ!" አለ።

ሌስተር ዞር ብሎ አየው። ስልሳ ዓመት የተጠጋው፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ነጭ ሰው ነው። "ምን አልክ?"

መልከጸዴቅ እንግሊዝኛው አላስተማመነውም። ስለዚህ ዘፈነ። ከካሴቱ ጋር እኩል ገብቶ፣ አንዲት ድምፅ ሳያዛንፍ፣ ዘፋኞቹ ቃል የሚጎትቱበት ቦታ እየጎተተ፣ የሚውጡበት ቦታ እየዋጠ እስከ አዝማቹ ድረስ ወሰደው። ሌስተር ኮፍያውን አወለቀ። ከኢትዮጵያ ገና መምጣቱ የሆነ፣ ሌስተር ስሙን እንኳ በቅጡ ሊጠራለት ያልቻለው ሰው፣ የገዛ ልጆቹ የማይሰሙለትን ዘፈን አፉን ሞልቶ ይዘፍንለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሜል" እያለ ይጠራው ጀመር፤ የምሳ ብሬክ ሲደርስም ሁለቱ ፓርኪንጉ ውስጥ በቆመው የሌስተር ፒክአፕ ውስጥ ቁጭ ብለው ካሴት ያዳምጡ ነበር።

ሃርላን ፎርክ ሁለት ወንድማማቾችና የአክስታቸው ልጅ ያቋቋሙት ባንድ ነው። ከስልሳዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የተራራ አገራቸውን የገጠር ዘፈን ሲጫወቱ፣ በአልበም ላይ አልበም ሲያወጡ ኖረው አርጅተዋል። በመጀመሪያው ሸክላ ሽፋን ላይ ጺም እንኳ ያላበቀሉት ልጆች በመጨረሻው ላይ ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ሌስተር ያወጡትን ሁሉ ሰብስቧል። አንዱን አልበም ለመልከጸዴቅ ያውሰዋል፣ ሲመልስለት ቀጣዩን ይሰጠዋል።

መልከጸዴቅ ያወቃቸው አዲስ አበባ ነው። በወጣትነቱ ፒያሳ፣ ኑሩ በሚባል ሰው ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት ይቀዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸክላዎቹን ለኑሩ ትቶለት ሄደ። ከነዚያ መሐል የሃርላን ፎርክ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች ነበሩ። ገበያተኛው ወደዳቸው። ወደዳቸውና ደግሞ "ምን እያሉ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። መልከጸዴቅ መጀመሪያ ሰሞን "እኔ እንጃ" ይል ነበር። አንድ ቀን ኑሩ ክንዱን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባውና "ስማ፣ ደንበኛ ሲጠይቅህ እኔ እንጃ አትበል። ካሴቱን አስቀምጦ ይሄዳል" አለው።

ከዚያ ወዲያ መልከጸዴቅ እኔ እንጃ ብሎ አያውቅም። ከዘፈኑ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ይለቅምና መሐሉን ራሱ ይሞላዋል። የሁለተኛው አልበም አንድ ዘፈን በተለይ ስም አስገኘለት። ከዚያ ዘፈን "ወንዝ" የሚለውን ለየ፣ "ነጭ ቀሚስ" የሚለውን ለየ፣ "እንቅልፍ" እና "ለዘላለም" የሚሉትን ለየ። ዜማው ደግሞ የሚያባብል ነው። እንግዲህ ምን ሌላ ሊሆን ይችላል? ጀልባ ቀዛፊው ሙሽሪቱን ነጭ ቀሚስ አልብሶ ወንዙን ያሻግራታል፤ እሷ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እሱ እንዳትነቃ ቀስ ብሎ እየቀዘፈ፣ ወንዙ እንዲህ እንዳለ ለዘላለም ቢወስደን ይላል። "የጀልባው ዘፈን" ተባለ። አጠገባቸው ካለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለምትሠራው ለተናኘ ይህንን ትርጉም በቃሉ እየነገረ ዘፈነላት፤ ወደደችው፤ ተጋቡ። በእህቱ ሠርግ ላይ ዘፈነው። ልጃቸው ሩሐማ ስትወለድ እሹሩሩ ያላት በሱ ነው።

እያደር እሱም ያንን ትርጉም ፈጥሮት እንደነበር ረሳው።

ዲቪ ደርሷቸው ሲያትል ሲገቡ፣ ስካይዌይ የሚባል ሠፈር ውስጥ ቤት ሲከራዩ፣ እንግሊዝኛው ለሥራ ያህል ተሻሻለ። ስለ ፓሌት፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ኦቨርታይም ይግባባል። ዘፈኖቹን ግን እንደ አዲስ ሊሰማቸው አልሞከረም፤ የሚያውቃቸው ነገሮች ነበሩና። ሌስተር ስለ አንድ ዘፈን ሲያወራ በፍጥነት ስለሚናገር ግማሹ ያመልጠዋል፤ እሱም "የስ፣ የስ" ይላል። "ከዚህ ውስጥ የትኛውን ስንኝ ትወዳለህ?" ብሎ ሲጠይቀው ስንኙን ይዘፍንለታል። ሌስተር ይረካል። "አንተ ትረዳቸዋለህ" ይለዋል፣ "ሰው ሁሉ ዜማውን ነው የሚሰማው። አንተ ግን ትረዳቸዋለህ።" ይሄ ያን ጊዜ መልከጸዴቅን ልቡን ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ቢሆንም ይሄ አንድ የሚመካበት ነገር ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ሌላ ምን አለው?

ሩሐማ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ሦስት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛው አፍ መፍቻዋ የሆነ መሰለ፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አባቷ ሳሎን ውስጥ መዝፈን ሲጀምር ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ትደፋና ጊታሩ የሚጮኸውን የራሷን ሙዚቃ ትሰማለች። ጓደኞቿ ቤት ሲመጡ "አባዬ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ ብቻ ካንትሪውን ተወው" ትለዋለች። ስለዚህ አብራው ስትኖር ያንን ዘፈን አንድም ቀን ከልቧ ሰምታው አታውቅም።

በፈረንጆቹ 1998 የጸደይ ወራት ላይ የሌስተር ሚስት ባርባራ ሞተች። ከዚያ በፊት ብዙ ታማለች። መልከጸዴቅ ያገኛት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጋዘኑ በር ላይ፣ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጨበጠችው። ካረፈች በኋላ ሌስተር ሥራ ቦታ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ቅዳሜ የመታሰቢያ ፕሮግራም አለ። ስላንተ ሁልጊዜ እነግራት ነበር። አንድ ነገር ትዘፍንላታለህ?" አለው።

"የትኛውን?"

"ያንተ ምርጫ ይሁን። የመረጥከው ይስማማኛል።"

መልከጸዴቅ ለምርጫ አልተቸገረም። ሙሽሪቱን ስለሚያሻግረው ሰው የሚዘፈን እያለ ምን ያስመርጣል?

ቅዳሜ ተናኘ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተራዋ ስለነበር መሄድ አልቻለችም። መልከጸዴቅ ለሠርግ የገዛውን ሱፍ ለብሶ፣ ሩሐማን "አንቺ አብረሽኝ ሁኚ፣ የሚሉትን ትነግሪኛለሽ" ብሎ ይዟት ሄደ። ፕሮግራሙ የነበረው ኦበርን ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ዝናብ ያረጠበው ካፖርት በየወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ፊት ለፊት ባርባራ በወጣትነቷ ትልቅ ዓሣ አንጠልጥላ እየሳቀች የተነሳችው ፎቶ ቆሟል። የባርባራ እህት ዶሪስ፣ አጭር፣ ጸጉሯን የተቆረጠች ሴትዮ፣ ስለ ልጅነታቸው ተናገረች። ከዚያ ሌስተር ተነሣና "ይሄ ጓደኛዬ ሜል ነው። ሃርላን ፎርክን ከኔ በላይ ያውቃል" ብሎ ተቀመጠ።

መልከጸዴቅ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያለ ጊታር ጀመረ።

የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ድምፁ ያምር ነበር፣ ያን ቀን ደግሞ በተለይ አማረ። በሁለተኛው ስንኝ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ የሴት ጫማ ድምፅ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ በሩ ሄደ። መልከጸዴቅ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ ዶሪስ ስትወጣ አየ። ሐዘን ነው፣ አለ በልቡ፣ አልቻለችም። የራሱም ዓይን እንባ አቀረረ። የመጨረሻውን ስንኝ ዝግ አድርጎ፣ "ለዘላለም" የምትለዋን ቃል ጎትቶ፣ ጎትቶ ጨረሰና አንገቱን ደፋ። ያጨበጨበ የለም። መታሰቢያ ላይ አይጨበጨብም ብሎ አሰበ።

ሌስተር ቀና ብሎ አላየውም። ቡና በወረቀት ኩባያ ሲታደል አንዲት አሮጊት ወደ መልከጸዴቅ ቀርበው እጁን ይዘው "ድምፅህ ግሩም ነው" አሉና የሚሉት እንደጠፋቸው ሆነው ሄዱ። ሩሐማ የለችም። ሲፈልጋት መኪናው አጠገብ ዝናብ ውስጥ ቆማ አገኛት።

በሩን ከፈተላት። ገባች። ቀበቶዋን አላሰረችም።

"አባዬ፣ ዘፈኑ ምን እንደሚል ታውቃለህ?" አለችው፤ በአማርኛ።

"አዎ። ስለ ፍቅር ነው።"

"ገድሏታል እኮ!"

"ማን?"

"ሰውየው ነዋ! ሚስቱን! ሌላ ሰው ትወዳለች ብለው ነግረውታል። ሶ፣ ነጭ ቀሚስ ልበሺ ይላታል፣ በጀልባ ይወስዳታል፣ መሐል ላይ ሲደርሱ ይገፋታል። ቀሚሷ እስኪሰምጥ ድረስ ተቀምጦ ያያታል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል፣ አባዬ። እራቱን!"

"ተሳስተሽ ይሆናል። 'እንቅልፍ' ይላል። 'ለዘላለም' ይላል።"

"እሷ ናት የምትተኛው። ወንዙ ሥር።"

አላመናትም። ሩሐማ እንግዲያው ስማ አለችና ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳትፈልግ ጆሮዋ ላይ የቀረውን ዘፈን ያለ ዜማ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚነበብ ነገር፣ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አለችው። መልከጸዴቅ እያንዳንዷን ድምፅ ያውቃታል። ከዜማው ስትላቀቅ ግን ከሥራ ቦታው እንግሊዝኛ ጋር አንድ ዓይነት ሆነች። "ገፋሁ" የምትለዋ ቃል ፓሌት ሲገፉ የሚባባሉት ቃል ናት። "ሰመጠ" የምትለዋን ባለፈው ጎርፍ ጊዜ በቴሌቪዥን በየቀኑ ሰምቷታል። አፉ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረውን ጆሮው ያን ጊዜ ሰማው።

እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ። የሙት ቤት፣ የሟች ፎቶ፣ ባል ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባ አቅርሮ፣ "ገፋኋት" እያለ። የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ ጎትቷታል!

"ሂድና ንገራቸው" አለችው ሩሐማ። "ትርጉሙን አላውቅም ነበር በላቸው።"

በአዳራሹ መስኮት ሰዎቹ ይታያሉ። መልከጸዴቅ አያቸው። ከዚያ መኪናውን አስነሣ።

ሰኞ ታምሜያለሁ ብሎ ወደ ሥራ ኮል አደረገ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ገባና አለቃውን ለምኖ ሺፍት ቀየረ፤ ሌስተር በሚወጣበት ሰዓት እሱ ይገባል። ፒክአፑን ከሩቅ ካየ መኪናውን በሌላ በር ወስዶ ፓርክ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ተወ። ምግብ ይዞ ይቀመጥና በድንገት ፊቱ ይለዋወጣል፤ የእህቱ ሠርግ ትዝ ብሎት ነው። ሙሽሮቹ ተቃቅፈው እየተወዛወዙ፣ እናቱ እልል እያሉ። ደግሞ ሩሐማ በሕፃንነቷ፣ አንቀልባ ላይ ሆና፣ በምን ዘፈን እንቅልፍ እንደወሰዳት። ኑሩ ቤት ካሴቱን ገዝተው "ትርጉሙማ ይሄ ነው" ብሎ አስረድቶ የላካቸው ሰዎች ስንት ነበሩ? ከመሐላቸው እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ስንት ቦታ ስቆበት ይሆን?

ስልኩ ይደወላል። መልእክት መቀበያው ሲከፈት የሌስተር ድምፅ ይወጣል። "ሜል፣ ሌስተር ነኝ። ስትችል ደውልልኝ።" መልከጸዴቅ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል፤ እጁ ግን አይዘረጋም። በሁለተኛው ሳምንት መደወሉ ቀረ።

ተናኘ ይህንን ሁሉ ያወቀችው ከሩሐማ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጅቱ ለእናቷ አወራቻት። ተናኘ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን ገባችና ባሏ ፊት ቆመች።

"ሰውየው ሚስቱ ሞታበት ስልክ ይደውላል፣ አንተ ቆመህ ታዳምጣለህ?"

"ምን ብዬ ላንሳው?"

"እንዴት ነህ በለዋ! ምን ትለዋለህ ሌላ? ሐዘንተኛ እኮ ነው! አገራችን ብንሆን ይሄን ጊዜ ቤቱ አድረህ ነበር።"

"ያደረግኩትን አልነገረችሽም?"

"ነገረችኝ። የዘፈንከውን ሳታውቅ ነው። የሸሸኸውን ግን እያወቅክ ነው።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መልከጸዴቅ ያፈረበት ዘፈኑ ነበር። ሌስተር ባዶ ቤት ገብቶ ስልክ እያነሣ እየደወለ፣ ማንም እንዳላነሣለት አንድም ጊዜ አላሰበም። የራሱን ሐፍረት ሲያስታምም ሰነበተ። አሁን አሰበውና ከመጀመሪያው የባሰ አንገቱን ደፋ።

ተናኘ ነጠላዋን አጣጥፋ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። "ለኔ የነገርከኝስ? ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት ያልከኝ?"

"የራሴ ነው። ፈጥሬው ነው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም። "እሱን በኋላ እንነጋገራለን" አለች። "አሁን ተነሥና ጫማህን አድርግ።"

ዶሮ በድንች የሠራችውን በድስቱ ይዛ ሄዱ። ሌስተር የሚኖረው ከኦበርን ወጣ ብሎ ካለ ሠፈር፣ ረዘም ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ሲከፍት ጺሙ አድጓል። ተናኘ በአማርኛ "እግዜር ያጽናዎት" አለችው፤ ምን እንዳለችው እንደገባው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ውስጥ የታጠበ ሳህን የለም። ግድግዳው ሥር የሃርላን ፎርክ ሸክላዎች ተደርድረዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። ተናኘ ድስቱን ምድጃው ላይ ጣደችና ማንንም ሳትጠይቅ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

መልከጸዴቅ መኪና ውስጥ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። "ሌስተር፣ እኔ ቃሉን አላውቅም" አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛው።

"የቱን ቃል?"

"የዘፈኑን።"

"የጀልባውን?"

"የሁሉንም።"

ሌስተር ዞሮ ሸክላዎቹን አየ። "የነዚህን ሁሉ?" አለ። አንዴ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ግን አልሆነም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀስ ብሎ፣ መልከጸዴቅ እንዲከተለው ያህል ቀስ ብሎ ተናገረ።

በወጣትነቱ ጥሩ ባል አልነበረም። ይጠጣ ነበር። አንድ ክረምት ዶሪስ መጥታ እህቷን ወደ ቤቷ ይዛት ሄዳለች። ባርባራ ተመለሰች፣ እሱም መጠጡን ተወ፤ ዶሪስ ግን አልረሳችም። አሁን እሷ የምታስበው ዘፈኑን ሌስተር መርጦ እንዳዘፈነ ነው። ፕሮግራሙ ሲያበቃ የእህቷን ፎቶ ወስዳለች፤ ስልኩንም አታነሣም።

"ሁለተኛውን ስንኝ ስትጀምር ላስቆምህ ይገባኝ ነበር" አለ ሌስተር። "ግን ዓይንህን ጨፍነሃል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላሳፍርህ ነው? አልኩና እኔው አፍሬ ተቀመጥኩ። ስልክ የደወልኩት እንዳልተቆጣሁ ልነግርህ ነበር። አላነሣህም። ያኔ ተቆጣሁ።"

"ልክ ነህ" አለ መልከጸዴቅ።

"አዎ፣ ልክ ነኝ።"

ምግቡን ሦስቱም በሉ። ሲወጡ መልከጸዴቅ የዶሪስን አድራሻ ጠየቀ። ሌስተር "ግድ የለህም፣ አትሂድ፤ በሩን ትዘጋብሃለች" አለው። ቢሆንም ነገረው።

በማግስቱ ሩሐማ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ተቀብሏት ዶሪስ ወደምትኖርበት ወደ ሬንተን ሄዱ። ደወሉን ተጫነ። ዶሪስ የእንጨቱን በር ከፈተች፣ የወንፊቱን በር ግን አልከፈተችም። ስታየው ፊቷ ተቋጠረ። ሩሐማ በእንግሊዝኛ "አባቴ ሊነግርዎት የፈለገው..." ብላ ስትጀምር መልከጸዴቅ ክንዷን ያዘ።

"ተይ፣ እኔ ልናገር።"

ተናገረ። ዘፈኑን የመረጠው እሱ እንደሆነ፣ ሌስተር እንዳላወቀ፣ እሱ ራሱ የዘፈነውን እንደማያውቅ። ግሱ አልገጠመለትም፣ "ሺ" የሚለውን "ሂ" እያለ ነበር፣ አንዳንዴ መሐሉን ትቶት ያልፋል። ሩሐማ ልታርመው አፏን ከፍታ ዘጋችው። ዶሪስ በወንፊቱ ውስጥ አዳመጠችው።

"ከሌስተር ጋር ስንት ጊዜ ሠራህ?" አለችው በመጨረሻ።

"ሦስት ዓመት።"

"በሦስት ዓመት ውስጥ ይሄ ዘፈን ምን ይላል ብለህ አንድ ሰው አልጠየቅክም?"

"አልጠየቅኩም።"

"ለምን?"

"አፍሬ።"

ዶሪስ ከኋላው ያለውን መንገድ፣ ዝናቡን፣ ጫማዋ የራሰውን ልጁን አየች። "እህቴም እንደዚያ ነበረች" አለች። "እርዱኝ ለማለት ታፍር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ።" ይቅር ብያለሁ አላለችም። ግቡም አላለችም። በሩን ግን የዘጋችው ቀስ ብላ ነው።

መኪና ውስጥ ሩሐማ "'ሺ' ነው የሚባለው፣ ለሴት" አለችው።

"አውቃለሁ። ደንግጬ ነው።"

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶሪስ ለሌስተር ደወለችለት። የተባባሉት ብዙ አይደለም፤ የተቃጠለውን የባርባራን አስከሬን አመድ ዓሣ ታጠምድበት በነበረው ሐይቅ ላይ ሁለቱም ባሉበት ለመበተን ተስማሙ። ፎቶውን ግን አልመለሰችለትም። መልከጸዴቅ ይህንን የሰማው ወደ ቀድሞ ሺፍቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ፒክአፑ ውስጥ ነው። ሌስተር ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ እንደገና ያሰማው ጀመር። አንድ ስንኝ ይጫወታል፣ ካሴቱን ያቆማል፣ "እሺ፣ ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀዋል። መልከጸዴቅ ሲያውቅ ይናገራል፣ ሳያውቅ "አላውቅም" ይላል። ቃሉን ለማለት መጀመሪያ ላይ ተቸግሮ ነበር። ፒያሳ ለአማኝ ደንበኞች መዝሙር ነው ብሎ የሸጠው አንድ ዘፈን ጫካ ውስጥ አረቄ ስለሚያወጣ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሌስተር እስኪያነባ ሳቀ። መልከጸዴቅም ሳቀ፤ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ።

በጋው ላይ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ አንድ የክርስትና ድግስ ተጠሩ። ምግቡ ከተነሣ በኋላ እንደተለመደው በቅጽል ስሙ "ካንትሪው ይነሣ! የጀልባውን!" ተባለ። መልከጸዴቅ ተነሣ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል "እሱን ዘፈን አልዘፍነውም። ትርጉሙ እኔ የነገርኳችሁ አይደለም። ሰውየው ሚስቱን ውኃ ውስጥ ገፍቶ የገደለበት ዘፈን ነው" አለ።

ቤቱ በሳቅ አለቀ። ቀልድ መስሏቸዋል። እሱ ሳይስቅ ሲቀር ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ገንዘብ የሚባል ጎረምሳና ሚስቱ የኔነሽ ከጥግ ተቀምጠዋል፤ ባለፈው ዓመት ነው የተጋቡት፣ የመጀመሪያ ዳንሳቸውንም የደነሱት በዚያ ዘፈን ነው፣ መልከጸዴቅ እየዘፈነላቸው።

"ሶ፣ እኛ ሠርግ ላይ የዘፈንከውስ?" አለች የኔነሽ።

"እሱው ነው" አለ መልከጸዴቅ። "አላውቅም ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ገንዘብ "ኧረ ምንም አይደለም" ብሎ ሳቀ። የኔነሽ አልሳቀችም። ተናኘ ከሴቶቹ መሐል ሆና ባሏን እያየች ነበር፤ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። መቀመጥ ፈለገ። ግን ቆሞ ሳለ "ትርጉሙን የማውቀው ሌላ አለ" አለ። ከስድስተኛው አልበም ነው፤ ሌስተር ቃል በቃል ያስረዳው። መጀመሪያ በአማርኛ ነገራቸው። አንድ ገበሬ አለ፣ ዳገት አልወጣም ያለ ፈረስ አለው፤ ገበሬው ይለምነዋል፣ ይሰድበዋል፣ በመጨረሻ ጭነቱን ራሱ ይሸከማል።

ሩሐማ በሩ ጋ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ ነበር። "በቅሎ ነው፣ አባዬ" አለች፣ ሁሉም ሰው እስኪሰማ።

"በቅሎ ነው" ብሎ አረመ። ከዚያ ዘፈነው። ቃሉን እያሰበ ስለሚዘፍን ድምፁ እንደ ድሮው አልተሳካለትም፤ ግማሹ ሰው ወደ ወሬው ተመለሰ።